የአቶ አምሳሉ ውሃ

ሐሙስ ጠዋት በርናባስ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ቆሽቱ እርር አለ። ትናንት እስከ መስመሩ ብቻ ሞልቶ የተዋት፣ ሞተር የሚያቀዘቅዘው የኩላንት መያዣ ዛሬም እስከ አፏ ጢም ብላለች። ከሥር መሬቱ ረጥቧል። ያ ደንበኛ አረንጓዴ ኩላንት በቧንቧ ውሃ ቀጥኖ መልኩ ጠፍቷል። በዚህ ሳምንት ብቻ አራተኛው መሆኑ ነው።

ማን እንዳደረገው መጠየቅ አያስፈልግም፤ አማቱ አቶ አምሳሉ ናቸው። አርባ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዱ፣ አሰብ ስንቴ ደርሰው የተመለሱ ሰው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚኖሩት ልጃቸው ፀደይ ቤት፣ ማለትም በርናባስ ቤት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ይነሱና ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው ወደ መኪናዋ ይወጣሉ። ውሃ ሳያዩ ሞተር ማስነሳት በእሳቸው ዘመን ነውር ነበር። ዘመኑ ግን ተለውጧል፤ ይሄ ኩላንት ነው፣ ውሃ ሲበዛበት ኃይሉ ይደክማል፣ ቦታ ካልተተወለትም ሲግል ገንፍሎ ይፈሳል ብሎ ማን ይንገራቸው? አማት እኮ ናቸው! አማትን መቆጣት ቀርቶ ቀና ብሎ ማየት የሚከብደው ስንቱ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ችሎ ያልፈው ነበር። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ግን የፀደይ ታናሽ እህት ሩሀማ ከዚሁ ቤት ወጥታ ታገባለች። በአቶ አምሳሉ ቤት ደግሞ ወጉ የታወቀ ነው፤ ሙሽራዋን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚነዷት ራሳቸው አባትየው ናቸው። ታላላቆቿን ሁለቱንም እንዲህ ሸኝተዋል፤ ፀደይንም ለበርናባስ ያስረከቡት ከመሪው ወርደው ነው። የቀረችው ሩሀማ ናት፤ የምትሄደውም በዚችው በበርናባስ አሮጌ ቶዮታ። የሰርግ መኪና እንደሆነ ጡሩምባ እየነፋ በእርምጃ ነው የሚሳበው። በሐዋሳ ፀሐይ፣ በዚህ በቀጠነ ኩላንት፣ መሃል ከተማ ላይ ሞተሩ ቢፈላ ሙሽራ በቬሎዋ መንገድ ዳር ልትቆም ነው። በርናባስ ይሄን ሲያስበው ላብ ያጠምቀዋል።

ያልሞከረው ነገር የለም። በፀደይ በኩል ቢያስነግር፣ አባዬ የሚያውቀውን ያውቃል፣ ተወው ብላ አሳፈረችው። ጆጉን ቢደብቅ በጣሳ መጡ። ትናንት ጭራሽ የፀደይን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስዶ መያዣዋ ላይ የጣት ያህል ወፍራም መስመር አሰመረና፣ እንደ ምንም ደፍሮ፣ እዚህ ድረስ ይበቃታል አባባ ብሎ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው አዩና እሺ ልጄ፣ ገባኝ አሉ። ይኸው ዛሬ!

ንቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወረቀት ሲገፋ የሚውል የቢሮ ሰው ስለ መኪና ምን ያውቃል ብለው ነዋ። በርናባስ ይሄን ሲያብሰለስል ዋለና ከቢሮ ሲወጣ ሌላ ኩላንት ሊገዛ ወደ ሙህዲን ሱቅ ሄደ። የመለዋወጫ ነጋዴው ሙህዲን የልጅነት ጓደኛው ነው፤ መኪናህ ኩላንት ትጠጣለች ወይስ ትታጠብበታለች ብሎ ቀለደበት። በርናባስ አልሳቀም፤ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈለት። ሙህዲንም ከኋላ ማጉረምረም ምን ይረባል፣ እዚያው እያፈሰሱ ሳሉ አግኝተህ በአክብሮት ንገራቸው ብሎ መከረው።

ዓርብ ማለዳ በርናባስ ቀድሞ ተነስቶ ግቢው መሃል ቆመ። አልተደበቀም። የሚናገረውን ሲያጠና ነው ያደረው። አቶ አምሳሉ ጆጋቸውን ይዘው ወጡና በሁለት እርምጃ ርቀት አልፈውት ሄዱ። ሰላምታ እንኳ የለም። ጭራሽ እንዲህ ተደረሰ ብሎ ደሙ ፈላ።

ሽማግሌው ኮፈኑን ከፈቱ። የመያዣዋን ክዳን ዳብሰው አገኙና አውልቀው ባትሪው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተው ውሃውን ቀስ እያሉ አፈሰሱ፤ ጣታቸው ሲረጥብ አቆሙ። ቀዩ መስመር ከአፍንጫቸው ሥር ነበር። ክዳኑን ለመመለስ እጃቸው ባትሪውን ዳበሰ፣ ቱቦውን ዳበሰ፣ ተመልሶ ባትሪውን ዳበሰ። ክዳኑ እፊታቸው ነው ያለው።

በርናባስ ያጠናው ንግግር ከአፉ ጠፋ። ነገ ሩሀማን የሚነዷት እኚህ ሰው ናቸው። ቀርቦ ክዳኑን አነሳና በእጃቸው አስያዛቸው። ደነገጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?»

«ከፋሲካ ወዲህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገን ብቻ አድርሰኝ ብዬ ጌታን ስለምን ነበር። መንገዱን እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«መንገደኛውን ግን በቃልዎ አያውቁትም።»

ሳያስበው ነው ያመለጠው።  ሽማግሌው ለነገው ተብሎ ከተሰጣቸው ጀምሮ ከኪሳቸው ያልለዩትን ትርፍ ቁልፍ አውጥተው ዘረጉለት። ለልጄ ምን እላታለሁ አሉ፤ ከእኔ የምትጠብቀው ይቺኑ አንድ ነገር ነው፣ አባቷ አይታየውም ብላ እያዘነች ታግባ?

በርናባስ ቁልፉን ተቀበለ። እዚያው ቆሞ ለሙህዲን ደወለለትና ነገ ሙሽራዋን በገዛ መኪናው እንዲነዳ ለመነው፤ ሙህዲን ለምን እንኳ ሳይል እሺ አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ። እህትማማቾቹ ፀደይና ሩሀማ ቁርስ ላይ ነበሩ። መኪናዋ ትናንት ፈልታ ሞተሯ ተበላሽቷል፣ ኩላንቷን ሳላይ ነድቻት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው። ሙህዲን ይነዳል፣ አባባ ከሙሽራዋ ጎን ይቀመጣሉ። ሩሀማ እንባዋ መጣ። ፀደይ ግን ጉርሻዋን ትሪው ላይ መልሳ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባዬ በየማለዳው እየተነሳ ሲያይልህ፣ አንተ አንድ ቀን ማየት ያቅትህ?»

አቶ አምሳሉ በሩ ላይ ደርሰው ቆመዋል። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በርናባስ ቀደማቸው።

«ልክ ነሽ» አለ፤ «አላየሁም።»