ብርድ ልብስ የለበሰው ሞተር

እኛ ቤት ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ሪሞቱ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ቁልፉን በባዶ ጣቱ የነካው ሰው የለም። ሶፋው በአንሶላ፣ አንሶላው በሌላ አንሶላ። ፍሪጁ እንኳን አናቱ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎለታል፣ ይበርደዋል መሰለኝ። እማዬ እንዲህ ናት። ይሄን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እንዴት እናትሽ ላይ ትጮሂያለሽ» እንዳትሉኝ ነው።

ወንድሜ ለሥራ ርቆ ሲሄድ ሞተሩን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ትምህርት ጨርሼ ጣራ ጣራ እያየሁ ስከርም፣ ጎረቤት ከተማ ያለች አንዲት ፋርማሲስት መድኃኒት በየቤቱ የሚያደርስላት ሰው ትፈልጋለች ሲባል ሰማሁ። ሳልውል ሳላድር ደወልኩላት።

«ሞተርሽ ምርመራ ያለፈ ነው?» አለችኝ።

«ያልፋል!»

«ያልፋል አላልኩም። እስከ ዓርብ ካለፈ ሥራው ያንቺ ነው። ካልሆነ ሌላ ልጅ አለ፣ በየቀኑ ነው የሚደውልልኝ።»

የኛ ሞተር የምርመራ ጊዜ ካለቀ ቆይቷል። ምርመራ የሌለው ሞተር መንገድ ላይ ከተያዘ ይወሰዳል። መርማሪዎቹ ያሉት ደግሞ እዛው ጎረቤት ከተማ ነው፤ ዓርብ የሚሠሩትም እስከ ምሳ ብቻ ነው። ነድቼው እንዳልሄድ አልተመረመረም፣ እንዳላስመረምረው ነድቼው መሄድ አልችልም። ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ግን ጤነኛ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ተሳቢ ተከራይቶ፣ ሞተሩን ጭኖ፣ በአጎቴ መኪና መጎተት ነው። አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ መኪናውን እንጂ ጆሮውን ለሰው አይሰጥም።

ተሳቢ የሚያከራየውን ሰውዬ ሰፈሩ በሙሉ «ችግር የለውም» ብሎ ነው የሚጠራው። ዓርብ በጠዋት ሄድን። ግቢው ውስጥ የቆመችው ተሳቢ አንድ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ የኋላ መብራቷ አንዱ አይበራም እኮ» አልኩት።

«ችግር የለውም። አንዱ ይበራል።»

«ጎማዋም አልቋል።»

«ችግር የለውም። ቀስ ብላችሁ ሂዱ።»

«እሺ፣ የሚወጠር ማሰሪያ ቀበቶስ አለዎት? አራት ነው የምፈልገው።»

የጠየቅኩት እኔ፣ መልሱ የተሰጠው ለአጎቴ። «ልጅቷ ምን ልትጭን ነው?»

«ሞተር» አለ አጎቴ።

«ለአንድ ሞተር አራት ቀበቶ? እኔ በዚችው ተሳቢ ቁም ሳጥን ከነመስታወቱ በአንድ ገመድ አድርሻለሁ!»

«ደረሰ?» አልኩት።

«ቁም ሳጥኑ? አዎ።»

«መስታወቱ።»

አጎቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። ሰውዬው እያጉረመረመ ገባና አራት አቧራ የጠገቡ ቀበቶዎች ይዞ ወጣ። አለው እኮ! እያለው ነው እንደዛ ያደረቀኝ።

ቤት ስንደርስ ጣውላ ጋደም አድርገን ሞተሩን ገፍተን አወጣነው። ወንድሜ በስልክ ድምፁን ቀድቶ ልኮልኛል፤ እንደ መዝሙር በቃሌ ይዤዋለሁ። «በጎን እግሩ አቁመሽ እንዳታስሪው። የፊት ጎማውን ከተሳቢዋ ግንባር አስጠጊ። ፊቱን ወደ ታች ተጫኚና ሞላው ተኛ ሲልልሽ ግራና ቀኝ ወጥሪ። ከኋላም እንደዛው። ቀበቶው የሚይዘው ብረት ብቻ ነው፣ ገባሽ?» ገባኝ። አንድ በአንድ እንዳለው አደረግኩ። ሞተሩን ስነቀንቀው ተሳቢዋ አብራው ተነቃነቀች። በራሴ ኮራሁና ልብስ ልቀይር ገባሁ።

ልብስ ልቀይር! ባልገባ ኖሮ!

ስወጣ ሞተሩ የለም። በሱ ቦታ አንድ ወፍራም ነገር ቆሟል። እማዬ የእንግዳውን ብርድ ልብስ፣ ያንን እኛ እንድንተኛበት ተፈቅዶልን የማያውቀውን፣ ከመሪው እስከ ጅራቱ ጠቅልላዋለች። ሁለቱ ስፖኪዮዎች የወንድሜን የሱፍ ካልሲ ለብሰዋል። አጎቴ ደግሞ የኔን ቀበቶዎች ፈትቶ ከብርድ ልብሱ በላይ እያሰረ ነው።

«እማ! ምንድነው ይሄ?»

«ብርድ ልብስ ነው። አታውቂውም?»

«ቀበቶው ብረቱን ነው መያዝ ያለበት! ብርድ ልብሱ መንገድ ላይ ይታመቃል፣ ይሳሳል፣ ከዛ ቀበቶው ይላላል!»

«ቀበቶው ቀለሙን ሲልጠው ዝም ብዬ ልይ? አቧራውስ? አንቺንም ስትወለጂ በዚሁ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው ከሆስፒታል ያመጣሁሽ። ወደቅሽ?»

«እኔን በተሳቢ አላመጣሽኝማ!»

አጎቴ ሳቁን ለቀቀው። ቀበቶውን መታ መታ አደረገና «ጥብቅ ብሏል፣ ነይ ግቢ። መርማሪዎቹ ከዘጉ እኔ ነገ አልመለስም» አለ። ያቺ «ከዘጉ» የምትለዋ ቃል ናት ያሸነፈችኝ። ፈትቼ እንደገና ላስር ብል ጭቅጭቁ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እየተነጫነጭኩ መኪናው ውስጥ ገባሁ። እማዬም ገባች፤ ብርድ ልብሷን ብቻውን ልትልከው ነው እንዴ?

መንገዱን በሙሉ አንገቴን አዙሬ በኋላ መስታወት ሳይ ነበር።

«አንገትሽ እንደዛው ይቀራል» አለች እማዬ።

«ዘንበል ብሏል። አጎቴ፣ ዘንበል ብሏል፣ አቁም።»

«መንገዱ ነው ዘንበል ያለው።»

«አጎቴ ሙት፣ አቁምልኝ!»

«አሁን ነው የተነሳነው። ሽንትሽ ነው?»

መልስ ሳልሰጠው መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ዘለለ። ቀጥሎ ተሳቢዋ ዘለለች። ከዛ «ጓ!» የሚል ድምፅ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። አጎቴ አሁን አቆመ። አሁን!

ሞተሩ እንደ ሰካራም በጎኑ ተጋድሟል። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ከወገቡ በታች ወርዷል፣ ቀበቶዎቹ እንደ ላላ የጫማ ክር ተንጠልጥለዋል። የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጣምሟል። ነዳጅ ጠብ ጠብ ይላል። ግራ ስፖኪዮው በካልሲው ውስጥ ሆኖ ከተሳቢዋ ጠርዝ ብረት ጋር ተላትሟል። ስፖኪዮ ከተሰበረ ዛሬ አያልፍም፣ ዛሬ ካላለፈ ሥራው የዛ ልጅ ነው። ካልሲውን አውልቄ የማይበት አቅም አጣሁ።

ስልኬ ጮኸ። ፋርማሲስቷ ናት።

«እንዴት ነሽ፣ አለፈ?»

«እየደረስን ነው» አልኩ።

ስልኩን ስዘጋ ፈነዳሁ። «አልኩ! አላልኩም? ከጠዋት ጀምሮ ማንም አይሰማኝም! ሰውዬው አይሰማኝ፣ አንተ አትሰማኝ፣ አንቺ ደግሞ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብስ! የኔ ሥራ ነው እኮ! የኔ!» እንባዬም መጣ፣ ንፍጤም መጣ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኛል፣ ግድ አልሰጠኝም። እማዬ የብርድ ልብሱን ጫፍ እያሻሸች መሬት መሬት ታያለች። አጎቴ ቀስ ብሎ፣ «እሺ፣ ምን ልያዝ?» አለ።

ጠዋት እንደዛ ቢለኝ ምን ነበረበት?

«ፊቱን ተጫን» አልኩት። ብርድ ልብሱን ገፈን ሞተሩን አነሳነው። እሱ ተጫነ፣ ሞላው ተኛ፣ እኔ ብረት ብረቱን እየፈለግኩ ወጠርኩ። እማዬ ከቦርሳዋ ትንሽዬ ፎጣ አውጥታ በቀበቶው ስር ልታሾልክ ስትል፣ «እማ፣ እጅሽን!» አልኳት። እጇን ሰበሰበች። ነቀነቅኩት። ተሳቢዋ አብራው ተነቃነቀች።

ስንደርስ መርማሪው በሩን ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። ፊቱ የደከመው ሰው ፊት ነው። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን፣ ጎማ እያለ ዞረው። የተጣመመውን እጀታ ጨበጥ ለቀቅ አደረገና «ይሠራል፣ ግን ቀይሪው» አለኝ። ከዛ ካልሲዎቹ ጋ ደረሰ።

«ይሄስ? በርዶት ነው?»

«ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» አለች እማዬ። መጀመሪያ የቀኙን አወለቀች፣ ደህና ነው። ወደ ግራው ስትዞር ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይህችን አቧራ ጥረጊያት እንጂ» አለ መርማሪው።

ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ ጥቁር፣ ላብ በላብ፣ ንፍጥ በንፍጥ፣ ግን መስታወቱ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ካልሲው ውስጥ ሌላ ካልሲ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። መርማሪው ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠኝ።

«አየሽ?» አለች እማዬ።

ብርድ ልብስሽ ባይኖር መጀመሪያውኑ ይወድቅ ነበር ወይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ካልሲዎቹን አጣጥፋ፣ ሜዳልያ የተሸለመች ይመስል ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋትና ዘጋሁት። የሚሰማ የለም። ለፋርማሲስቷ ደወልኩ። «ሰኞ ጠዋት ግቢ» አለችኝ።

ሞተሩ ሕጋዊ ስለሆነ ወደ ቤት ነዳሁት፣ እነሱ በባዶ ተሳቢ ከፊቴ። ባዶ ስላችሁ ባዶ አይደለችም። ብርድ ልብሱ ነዳጅ ነካክቶት መኪና ውስጥ ስለሸተተ እማዬ አጣጥፋ ተሳቢዋ ላይ አስራዋለች። በአራቱም ቀበቶ፣ ግራና ቀኝ፣ ከብረት ብረቱ ጋር ወጥራ። ያ ጉብታ ጋ ስንደርስ ተሳቢዋ ዘለለች። ብርድ ልብሱ ንቅንቅ አላለም።

ማሰርማ ታውቅበታለች።