ከሳህኑ ሥር የተጻፈው

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ከእንግዲህ አንድ እንቁላል እንኳ አይገባም» አለች ሊኔት፣ የማቀዝቀዣውን በር በጉልበቷ እየገፋች።

በእጇ የያዘችው ሳህን በአሉሚኒየም ወረቀት ተሸፍኗል። ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ መግለጥ አላስፈለጋትም፤ ፓስታ በአይብ ነው፣ ከማክሰኞ ወዲህ ስድስተኛው። እናቷ ደልሲ ያረፈችው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። በኩልጋራ መንደር ሰው ሐዘን ቤት ሲሄድ ቃል አያበዛም፤ እዝኑን ይዞ ይመጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ባርኔጣውን አውልቆ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። የሞተችው ደልሲ ስትሆን ደግሞ ያላመጣ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

አባቷ አቶል ከወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቀዝቅዞ የቀረ ሻዩን ያያል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በረንዳ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ ግን የወንፊት በር ዝንብ እንጂ ወሬ አይከለክልም።

«ዘንድሮማ ምሳው አይኖርም» አለች አንዷ።

«ማን ያዘጋጀዋል? እሱ?» አለች ሌላዋ። አንድ ሰው ሳያስበው ሳቀ፣ ወዲያው ግን ደንግጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

አቶል አልተቀየማቸውም። ምን ዋሹ? የጥር የመጨረሻዋ ቅዳሜ በመጣች ቁጥር፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ መንደርተኛው በሙሉ ከጓሯቸው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ምሳ ሲበላ ኖሯል። ስድሳ ሰው ይሆናል። ደልሲ ከወንበር ወንበር እየዞረች ታስቃለች፣ ታጎርሳለች፣ ያኮረፈውን ካኮረፈው ጎን አስቀምጣ ዘወር ትላለች። አቶል ደግሞ ለስድሳው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሥጋ ይጠብሳል። ጓደኛው ቨርን «የአቶልን ፊት ያየ የለም፣ እኛ የምናውቀው ማጅራቱን ነው» እያለ ይተርበው ነበር። እውነቱን ነው። አቶል ሰው አይጠላም፤ ሰው ሲበዛበት ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። የሥጋ መቆንጠጫ ያቺን ችግር ታቃልልለት ነበር።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ግን ነበረው። ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት ደልሲ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና እጁን ያዘችውና «ምሳውን እንዳታስቀር» አለችው። እሱ እሺም እንቢም አላለም። ትራሷን አስተካከለላት። እሷም አልጨቀጨቀችውም፤ አርባ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

አሁን ያቺ ቃል ከሆዱ አልወጣ አለች። የሰማ የለም። እሱ ዝም ካለ ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል፣ የሚወቅሰውም አይኖርም። ሐሙስ ዕለት ዝም ለማለት ወስኖ ነበር። ዓርብም፣ ከቀብሩ በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ሻይ ሲጠጣ፣ ስለ ሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሰኞ ዕለት ሊኔት ለሞት ወረቀት ጉዳይ ወደ ከተማ ሄደች። የእዝኑ ምግብ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ የቀረውን ዶሮዎቹ ወርሰውታል። ሠላሳ አንድ ያልታጠቡ ሳህኖች ግን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ ተደርድረው ነበር። ስትወጣ «ስመለስ አጥባቸዋለሁ፣ አንተ ዕረፍ» ብላው ነበር።

ማረፍ ሰለቸው። ስድስት ቀን ሙሉ ሰዎች እጁን ሲጨብጡት፣ ሻይ ሲቀዱለት፣ ወንበር ሲያቀርቡለት እንደ ሕፃን ሆኖ ሰንብቷል። አንድ ነገር ልሥራ አለና ትልቁን ገንዳ የፈላ ውሃና ሳሙና ሞላበት፤ የተረፈውን በባልዲና በልብስ መዘፍዘፊያ ሁሉ ሞላ። የደረቀውን አይብ እንዲያለቅቀው ሳህኖቹን አንድ በአንድ ዘፈዘፋቸው።

እንፋሎቱ ፊቱን ሲመታው ሌላ ጊዜ ትዝ አለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። የሰደድ እሳቱ ቤታቸውን እስከ መሠረቱ የበላው ጊዜ፣ እሱና ደልሲ ከትንሿ ሊኔት ጋር አራት ወር በመንደሩ አዳራሽ ኖረዋል። ያኔም መንደሩ አበላቸው። ደልሲ የበላችበትን ሳህን ሁሉ አጥባ አዳራሹ መድረክ ላይ ስትቆልል፣ አንድ ቀን ቁልሉን አይታ እዬዬ ብላ አለቀሰች። ቤቷ ሲቃጠል እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። «የማን የማን እንደሆነ ጠፋብኝ» ነበር የምትለው። በኩልጋራ የሰው ሳህን ሰው ቤት አይቀርም፣ ባዶውንም አይመለስም፤ እሷ ግን ባለቤቱን አታውቅ፣ የምትሞላበትም ነገር የላት።

በቀጣዩ ጥር ሁሉንም ከተቃጠለው ግቢያቸው ጠራቻቸው። ቤት የለም፣ ግማሽ ጎኑ የጠቆረ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ብቻ አለ። ከአዳራሹ በተዋሰችው ጠረጴዛ ላይ ሳህኖቹን ደረደረች፣ አንድ በግ ታረደ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሳህኑን እየለየ ወሰደ። ምሳው የተጀመረው እንዲያ ነው። ደልሲ ዳግመኛ እንዲህ ዓይነት ጣጣ ውስጥ እንዳትገባ አንድ ጥቅል ነጭ ፕላስተር ገዛች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከምሳው በኋላ የያንዳንዱን ሰው ሳህን እየገለበጠች ስሙን ጽፋ ትለጥፋለች፤ ያረጀውንም ታድሳለች።

አቶል ይህን ሁሉ አስታወሰ፣ የፕላስተሩን ነገር ግን ከፊቱ ካለው ውሃ ጋር አላገናኘውም። ጋደም አለ። ከሰዓት በኋላ ሲነቃ ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቶ ነበር።

ወደ ገንዳው ሲመለስ ውሃው ላይ ነጫጭ ነገር ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የሳሙና አረፋ መሰለው። አንዱን በጣቱ አነሳው፤ ፕላስተር ነው። ሌላም አነሳ። ባልዲውን አየ፣ መዘፍዘፊያውን አየ። ሠላሳ አንዱም ለቀዋል።

የተጨነቀው በመጀመሪያ ለሳህኖቹ ነበር። ቀጥሎ የጽሕፈቱን ጭራ አየ። ደልሲ ስም ስትጽፍ የመጨረሻውን ፊደል ጭራ ጎትታ ከስሙ ሥር ታሰምርበት ነበር፤ ለመጋቢውም፣ ለፖስታ ቤቷም ሴት፣ ለሁሉም እንደዚያው። ያ ጭራ አሁን ወደ ሰማያዊ ጭጋግ ተለውጦ ይሟሟል። ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ጋዜጣ ላይ ዘረጋቸው። ከሠላሳ አንዱ አንድ ስም በቅጡ የሚነበብ አላገኘም። በየቤቱ የነበረውን የደልሲን የእጅ ጽሕፈት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠበው እሱ ራሱ ነው። ከገንዳው ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከሞተች ወዲህ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነበር።

ሊኔትና ቨርን በተመሳሳይ ሰዓት ደረሱ። ሊኔት ጋዜጣውን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። ቨርን ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሠላሳ አንድ በር ልታንኳኳ ነዋ! ‹ይቅርታ፣ ይህ ሳህን የአንተ ይሆን?› ልትል ነው? አንተ? ከአዲሱ መጋቢ ጋር ሰላም ለመባባል ሦስት ዓመት የፈጀብህ ሰው?»

አቶል ዓይኑን ጠረገ።

«ቅዳሜ ይምጡ» አለ።

«ማን ነው የሚመጣው?»

«ሁሉም። መጥተው የየራሳቸውን ይለዩ።» የጋዜጣውን ጠርዝ አስተካከለ። «እሷም ብላኝ ነበር። ሆስፒታል ሳለች ምሳውን እንዳታስቀር ብላኛለች። እሺ አላልኳትም።»

ሊኔት መጥታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቨርን ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ ከዚያ ከአዳራሹ ጠረጴዛ ላምጣ ብሎ ወጣ። ገና ሰኞ መሆኑን ያስታወሰው የለም።

ዓርብ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቶልና ሊኔት ደልሲ የተከለችውን ቲማቲምና ፕሪም ለቀሙ። ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ አቶል ደግሞ ከሥጋ በቀር የሚያበስለው ነገር የለም። ሠላሳ አንዱንም ሳህን ግማሹን በቲማቲም፣ ግማሹን በፕሪም ሞላ። ሊኔት በጣቷ እየቆጠረች ማን ምን እንዳመጣ ስትዘረዝር ነው አንድ ስም የጎደለው። ኖሊን አላመጣችም።

«ኖሊን ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆማ አይቻታለሁ። ለሻይ ሳትቆይ ሄደች» አለች ሊኔት።

ኖሊን የደልሲ የልብ ጓደኛ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአውራጃው የእርሻ ትርኢት ደልሲ የኬክ ዳኛ ሆነች። ኬኮቹ ስም የላቸውም፣ ደልሲ ግን የጓደኛዋን እጅ አይታ አላጣችውም። የኖሊን ስፖንጅ ኬክ ከሥሩ፣ ከምድጃ ወጥቶ የበረደበት የሽቦ መደርደሪያ መስመር ታትሞበት ነበር፤ ሕጉ ደግሞ መስመር ያለበትን ነጥብ ይቀንሱ ይላል። ደልሲ ቀነሰች። ኖሊን ሁለተኛ ወጣችና ከዚያ ወዲህ የእነአቶልን በር አልረገጠችም። ሰው ቢስቅባቸው አይፈረድበትም፤ ሁለት አያቶች በሽቦ መስመር ተኳርፈው ዘጠኝ ዓመት! ግን በየምሳው ደልሲ አንድ ትርፍ ወንበር ታስቀምጥ ነበር። ለምን ሲሏት «ወንበር ሲተርፍ ነው የሚያምረው» ትላለች። አቶል የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ ማንም አልተቀመጠበትም።

ቅዳሜ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ነበር የጀመረው። ጠረጴዛዎቹ ከዛፉ ሥር ተደረደሩ፤ ሳህኖቹ በላያቸው። ሥጋውን ቨርን እንዲጠብስ አቶል መቆንጠጫውን ሰጠው።

«ፊትህን ልታሳየን ነው?» አለ ቨርን።

«አንድ ቀን ነው፣ ቻሉት» አለ አቶል።

ሰዎቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዝም ብለው ነበር የገቡት። ከዚያ ሁለት ሴቶች አንዱን ነጭ ሳህን በአንድ ጊዜ ያዙ፤ አንዷ ጠርዙ ላይ የተሸረፈውን አሳየች፣ ሌላዋ እኔ ነኝ የሸረፍኩት አለች፣ ሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ግቢው እንደ ወትሮው ሆነ። አቶል ከጠረጴዛው ራስ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ፊት ለፊት አየ። ስለ ፕላስተሩ ይቅርታ ጠየቃቸው። አንዳንዶቹ ነገሩ የገባቸው ሳህናቸውን ከፍ አድርገው ባዶውን ሥሩን ሲያዩ ነው። መጋቢው በአውራ ጣቱ ስሙ የነበረበትን ቦታ ዳበሰው።

ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ሥጋ ሲያነሱ ኖሊን በሩ ላይ ታየች። በፎጣ የተሸፈነ ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን አቅፋለች። ወሬው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። አቶል ሄዶ ተቀበላት፤ ወደ እንግዳ በእግሩ ሲሄድ ማንም አይቶት አያውቅም።

ፎጣውን ገለጠችለት። ኩስታርድና ፕሪም ነው፣ በላዩ ክሬም።

«ከታች ስፖንጁ አለ» አለች። «የሽቦው መስመር እንዳይታይ ቀብሬው ነው።»

አቶል ሊስቅ ፈልጎ አፉ ተጣመመበት።

«ሳህኑ የእሷ ነው» አለች ኖሊን። «በመጨረሻው ምሳዬ የተረፈውን ሞልታ የሰጠችኝ። ከፍ አድርገህ ሥሩን እየው።»

ቀና አድርጎ ከሥር አጮለቀ። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሕፈቱ ግን እንዳለ አለ፤ ጭራውም አለ። «የደልሲ ነው። አያስቸኩልም» ይላል።

«አያስቸኩልም አለችኝ፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልቸኮልኩም» አለች ኖሊን። ፎጣውን አጣጠፈች። «በየዓመቱ ጥር ሲመጣ አወጣዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር፣ አቶል።»

«እኔም» አለ አቶል። ክንዷን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ወሰዳት። ሊኔት እንደ እናቷ አንድ ትርፍ ወንበር አስቀምጣ ነበር፤ ኖሊን ተቀመጠችበት።

ወደ አመሻሹ ግቢው ባዶ ሆነ። ሠላሳ አንዱም ሳህኖች ሄደዋል። ሊኔት ብርጭቆዎቹን ከገንዳው ዘፍዝፋ ስትጨርስ ሰማያዊውን ሳህን አንስታ ወደ ውሃው ዘረጋች።

«ተይው፣ እሱን እኔ አጥበዋለሁ» አለ አቶል።

ተቀበላትና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የሳህኑን ሥር በግራ መዳፉ ላይ አሳረፈው፣ ፕላስተሩን በእጁ ሸፍኖ። በቀኙ እርጥብ ጨርቅ ጨመቅ አድርጎ ውስጡን ብቻ መወልወል ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ውሃ ወደ ሥሩ ጠብ እንዳይል እያጋደለ።