አስተርጓሚዋ ልጄ

ኤርፖርቱ አጠገብ ዩለስ ከተማ ወዳለው የአፓርትመንት ቢሮ የገባነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እኔና የአሥር ዓመቷ ልጄ ሁመይራ። ጓደኛዬ ጽጌ በር ላይ አውርዳን ወደ ሥራዋ በረረች። ኤርፖርት ዊልቸር የመግፋት ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት። ሰኞ እጀምራለሁ። መኪና የለኝም፤ እህቴ ሁስና ከምትኖርበት ከሩቁ ከሮውሌት ከተማ እዚህ ድረስ በየቀኑ የሚያመላልሰኝም የለም። ዛሬ ቤት ካላገኘሁ ሥራውም ቀረ ማለት ነው፤ ተመልሼ የሁስናን መንትዮች አፍንጫ መጥረግ ነው።

ሦስት ዓመት ጠረግሁ። የሁመይራ አባት ገና ኮምቦልቻ ሳለን ጥሎን ስለሄደ፣ አሜሪካ ያመጣችን ሁስና ናት። «እኔ ባላመጣሽ ኖሮ» ትለኛለች፤ ጨርሳው ግን አታውቅም። ወጡ ጨው በዝቶበታል ስላት እንኳ «እኔ ባላመጣሽ ኖሮ» ነው መልሷ። ልጄን ይዤ ልውጣ ስላት ደግሞ ሳቀችብኝ።

«በየትኛው አፍሽ ነው ቤት የምትከራዪው?» አለችኝ።

የፈለግሁት የራሴን በር ከውስጥ መዝጋት ብቻ ነበር።

ቢሮው ውስጥ መነጽር ያደረገች ፈረንጅ ሴትዮ ተቀብላን ሁመይራን አነጋገረቻት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ቤት አለ፤ እናትሽ የሥራ ደብዳቤ ይዛለች ወይ አለቻት። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሁመይራም ታውቃለች።

«እናቴ ሥራ የላትም» አለቻት ልጄ በእንግሊዝኛ። «ዝም ብለን ለማየት ነው የመጣነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ ሶሪ፣ ቤት የለም አለች። ሁሉም ተይዟል።»

ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት ከመንትዮች ጋር ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው እንግሊዝኛ ባይናገር እንኳ ይሰማል። ሁስና አትችልም ብላ ስለፈረደች ቤቱ ሁሉ አትችልም አለ፤ እኔም አፌ ስለሚተሳሰር ክርክር ውስጥ አልገባሁም። አሁን ግን ሴትዮዋ ፋይሉን እየከደነች ነው።

ደብዳቤውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። «ኖ» አልኩ። «ማይ ዶተር ላይ። አይ ሃቭ ጃብ።» ልጄ ዋሽታለች፣ ሥራ አለኝ ማለቴ ነው።

በአሜሪካ ምድር ያለ ሰው እርዳታ በእንግሊዝኛ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር፣ ልጄ ውሸታም መሆኗን ነው። ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ ልጄን አየችና ደብዳቤውን አንሥታ አነበበችው። ሁመይራ አንገቷን ደፋች። እኔ በተሰባበረ አፌ እየመለስኩ፣ ባልገባኝ ቦታ በጣቴ እየጠቆምኩ ፈረምኩ። ነገ ከሰዓት ቁልፍ ትወስጃለሽ ተባልኩ።

ውጭ ስንወጣ «ለምን?» አልኳት።

«አክስቴ ናት» አለች። «ማለቴ… ቤት ካላገኘን የራሴን ሩም ልትሰጠኝ ፕሮሚስ አድርጋለች።»

እህቴን በልቤ ረገምኳት። ልጄን ለመምታትም እጄ ተነሣ፤ ግን አልመታኋትም። ጨቅላ ሆና ያዘልኳት ልጅ ናት። ለአንዲት ክፍል ብላ ሸጠችኝ።

ሁመይራ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ማሚ፣ እንግሊሽ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«ሶ… እራት ላይ አክስቴ ስለ አንቺ ስታወራ…»

«እሰማ ነበር።»

«እኔ ስስቅስ? ደደብ ናት ያልኩ ቀንስ?»

አልሰማሁም ብላት ለሁለታችንም ይቀለን ነበር። የዚያን ዕለት ግን ውሸት አንገሽግሾኝ ነበር።

«ያን ቀንም ሰምቻለሁ» አልኳት።

ሁመይራ ከእኔ ፈንጠር ብላ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ አልመጣችም።