በጥላ የተሰቀለ ቋንጣ

ዘይነት ልጇን «አትሄጂም» ብላት አታውቅም። ይህን መንደሩ ሁሉ ይመሰክርላታል። ያለችው «ስንቅሽ ያለቀ ዕለት ትሄጃለሽ» ብቻ ነው። ችግሩ ስንቁ አለማለቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሒክማ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የገጠርን ሰው አኗኗር ትማራለች። በዚህ ሴሚስተር ግን ትምህርቱ ከደብተር ወጥቶ ጉና ተራራ ላይ ሊወጣ ነው ተባለ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቤት ይገባና፣ ከቤተሰቡ ጋር ውኃ እየቀዳ፣ ገብስ እያረመ፣ በግ እየጠበቀ ይከርማል። ለሒክማ የደረሳት ከመንደሩ ሁሉ ከፍ ብሎ የተሠራ የቄስ ቤት ነው። አባቷ ጀላሉዲን ወሬውን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ፣ «መልካም ነው፤ ሰው አገሩን ይወቅ» አለ፣ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ጀላሉዲን አንድ ጊዜ ከተናገረ የሚጨምረው የለም። ዘይነት ደግሞ የባሏን ቃል በልጅ ፊት የምታፈርስ ሴት አይደለችም። ስለዚህ በስንቅ በኩል ዞረች።

መኪናው ሰኞ ጠዋት ይነሣል። በሰዓቱ ያልተገኘ ተማሪ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ አስተማሪው አስረግጦ ተናግሯል። ይህን የሰማች ዕለት ዘይነት ደስ ደስ ብሏት ሽሮው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች ብለው እትዬ ወለተ ሥላሴ እስከ ዛሬ ያሟታል።

እትዬ ወለተ ሥላሴ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ደቅ ደሴት ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ቅኔውን የሚዘርፉት በዘይነት ላይ ነው። ሒክማ ዳዴ ስትል ጀምሮ የሁለቱም ቤት ልጅ ናት።

ዘይነትና ጀላሉዲን ገበያ ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። በባሕር ዳር ሙቀት ብርድ ልብስ ሸጦ ለማደር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትዕግሥት ግን አላቸው። ዘይነት ስለ ብርድ የምታውቀው ሁሉ ከደጋ ከሚመጡ ደንበኞቿ የሰማችው ነው። እሷ ራሷ በክረምት ዝናብ እንኳ በስስ ሻሽ ነው የምትውል። የማታውቀውን ነገር ደግሞ ሰው አብልጦ ይፈራል፤ ከሱቁ ወፍራም ወፍራሙን ብርድ ልብስ እየመረጠች ቤት ማጋዝ ጀመረች። ቀጥላ ሹራብ ጀመረች፤ አንዱን እጅጌ ጨርሳ ሌላውን ለነገ አለችው። ከዚያ በሶ ይያዝ አለች። ገብስ ፍለጋ ገበያውን አዳርሳ፣ ነጭ የሆነውን መርጣ አስቆልታ አስፈጨች።

እትዬ ወለተ ሥላሴ ከበሶው ቆንጥረው ቀመሱና ገብሱ የየት አገር እንደሆነ ጠየቁ። የጉና ነው፣ ሻጭዋ ምላ ተገዝታ ሰጠችኝ፣ አለች ዘይነት በኩራት።

«እንግዲያ ጥሩ ነው» አሉ እትዬ። «መንገዱን ስለሚያውቀው ሒክማን እየመራ ይወስዳታል።»

ዘይነት ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። ቢሆንም በሶውን አልቀነሰችም።

የስንቁ ሁሉ ራስ ግን ቋንጣው ነበር። ልጅቱ የምትገባው ክርስቲያን መንደር ነው፤ እነሱ ያረዱትን እሷ አትበላም። ስለዚህ ዘይነት በሙስሊም አራጅ አሳርዳ፣ ሥጋውን ዘልዝላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ስለ ስንቁ በተጠየቀች ቁጥር መልሷ አንድ ሆነ፤ ሁሉም ደርሷል፣ ቋንጣው ብቻ ይድረቅ። በየካቲት ፀሐይ እንኳን ቋንጣ ግድግዳም ይደርቃል። የዘይነት ቋንጣ ግን እርጥብ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጇን ዓሣ እንግዛ ብላ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደቻት። ኪዳነ ወልድ የሚባል ደንበኛዋ እዚያ ዓሣ ይሸጣል፤ ሰው የሚያስተኛ የሚያህል ማቀዝቀዣም አለው። ቆሮሶ ነው አምባዛ የምትፈልጊ ብሎ ሲጠይቃት ዓሣ እንዳልፈለገች ነገረችው።

«ብርድ ነው የፈለግሁት» አለች። «ክፈትልንና ይች ልጅ እጇን ትክተት። የምትሄድበትን ትወቀው።»

ኪዳነ ወልድ በሥራው ብዙ ዓይነት ሰው አይቷል፤ ከፈተላቸው። ሒክማ እጇን ከዓሣዎቹ መኻል ከተተችና ኪዳነ ወልድን ስለ መረቡ ትጠይቀው ጀመር፤ ማን ይሠራዋል፣ ሲቀደድ ማን ይሰፋዋል፣ ሐይቁ ሲናወጥ ምን ትሆናላችሁ። ወሬው ጣማት፤ እጇም እዚያው ቀረ። ዘይነት ልታሳያት ብላ የራሷንም ከተተች። ወዲያው እንደተቃጠለ ሰው መዝዛ ከብብቷ ሥር ወሸቀችው።

«እማ» አለች ሒክማ፣ «የምሄደው እኔ ነኝ ወይስ አንች?»

ኪዳነ ወልድ ሳቁን እንዳያዩበት ሚዛኑን ይወለውል ጀመር። ዘይነት ለይሉኝታ አንድ ቆሮሶ ገዝታ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ሒክማ ልብሷን ልታሰጣ ወጣችና ቋንጣውን አየችው። ገመዱ የታሰረው ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ፀሐይ ጠዋትም ማታም የማትደርስበት አንድ ቦታ ግቢው ውስጥ ቢፈለግ ያ ነው። ገመዱን ፈትታ ፀሐዩ ላይ ሰቀለችውና ትምህርቷ ሄደች። ለምሳ ስትመለስ ቋንጣው ጥላው ሥር ነው። እንደገና አወጣችው። ከሰዓት እንደገና ገባ። እናትና ልጅ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተለዋወጡም፤ ሲተላለፉም ፈገግ ይባባላሉ። እትዬ ወለተ ሥላሴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ሁሉን አዩ።

«ይህ ቋንጣ ጉና ሳይደርስ ጉናን የሚያህል መንገድ ተጓዘ» አሉ በመጨረሻ። «ለመሆኑ አንች ዘይነት፣ ሰኞ ምን እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

ዘይነት የምታውቀው የመኪናውን መነሣት ነበር።

«ሁዳዴ ነው የሚገባው። በዚያው ሳምንት የናንተም ረመዳን ይከተላል። ይህን ሁሉ ሥጋ በሁዳዴ ቄስ ቤት ልትልኪው ነው?»

ዘይነት ገመዱን እንደያዘች ቀረች። የሁለቱን ጾም መግቢያና መውጫ ከቄሱም ከሼሁም እኩል የምታውቅ ሴት ናት፤ የሱቋን ዕቃ የምታስመጣው ፋሲካንና ዒድን እያየች ነው። ልቧ ብርድ ብርድ ሲል ጾሙን ረሳችው። መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላትና ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ወደ ጀላሉዲን ሄደች።

ስለ ራሴ አይደለም የምናገረው፣ ስለ ሰዎቹ ነው አለችው። በቄስ ቤት፣ በሁዳዴ፣ ሥጋ ይቀቀላል ወይ? ነውር ነው። ልጅቱስ ቀን ስትጾም ውላ ማታ ያለ ሥጋ ልታፈጥር ነው? ይኸም በደል ነው። ጉዞው ቢቀር ለሁሉም ይሻላል። ጀላሉዲን ሰምቷት ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰዎቹን ጠይቂያቸው» አለ።

የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ይባላሉ። ስልክ አላቸው፣ ኔትወርክ የሚይዘው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። ሒክማ ለእናቷ እንዲደውሉላት መልእክት ላከች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ሱቁ ውስጥ፣ የዘይነት ስልክ ጮኸ። ከሰው ድምፅ በፊት የነፋስ ድምፅ መጣ። ዘይነት ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ ራቅ አደረገችው፤ ብርዱ በዚያ በኩል የሚመጣ መሰላት መሰለኝ።

ሁለቱ ሴቶች የማይተዋወቁ ስለሆኑ ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ዘይነት ያሰበችውን ሁሉ፣ ነውሩንም ሥጋውንም፣ በትሕትና ጠቅልላ አቀረበችው። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እኔም ስለዚሁ ሳስብ ነው የሰነበትሁ፣ አሉ። ገበያ ወርደው አዲስ ድስትና አዲስ ሳህን ገዝተዋል፤ የሒክማ ብቻ ነው፣ የእነሱ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ አይነካውምም። ከፋሲካ በኋላ ዶሮ የሚያርድላት አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከወረዳው ከተማ አፈላልገው አግኝተዋል።

«ሥጋዋን ትቀቅል» አሉ። «ሽታ ጾም አይሽርም። ባይሆን ልጆቼ ምራቃቸውን ይዋጡ።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቀጠሉ። በጾማችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ እንደምትበሉ ሰምቻለሁ፣ አሉ። ቄሱ ለኪዳን ሲወጡ እሳቸውም ይነሣሉ፤ ያኔ ይቀሰቅሷታል፣ እንቅልፍ ጥሏት ሳትበላ ጾም እንዳትገባ። ሰዓቱ ይስማማ እንደሆነ ብቻ ይነገራቸው።

ጀላሉዲን ከመደርደሪያው ሥር አንድ የታጠፈ ጋቢ አውጥቶ እንደገና ያጥፍ ጀመር። ነጋዴ ነውና ጆሮው ሥራ አይፈታም።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኛ ደኸየት ያልን ሰዎች ነን። ቤቱ ይጨሳል፣ ብርዱም አይጣል ነው። ልጅዎ የሐይቅ ዳር ልጅ ናት። ድስቱንም ገዝቼ፣ ልጆቼንም እኅት መጣችላችሁ ብዬ፣ በሳምንቷ ንቃን ጥላን የሄደች እንደሆነ በመንደሩ ፊት አፍራለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ትቆያለች?»

ዘይነት ለዚህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ መልስ ስታዘጋጅ ነበር የከረመችው። አትቆይም፣ ልጄ ብርድ አትችልም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሰኞ መኪናው ያለ ሒክማ ይሄዳል፤ ጀላሉዲንም የሚለው አይኖረውም። አፏን ከፈተች።

«የማን ልጅ ናት የምትንቃችሁ?» አለች። «እጇን በረዶ ውስጥ ከታ ወሬ የምትጠይቅ ልጅ ናት። የጀመረችውን ሳትጨርስ አትመለስም። ብትመለስም እኔ ቤት አላስገባትም።»

ከዚያ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሳቁ፣ መረቁ፣ ስልኩ ተቋረጠ። ዘይነት ስልኩን ትኩር ብላ አየችው፤ ያንን የተናገረ ሌላ ሰው መሰላት።

«ምን አሉ?» አለ ጀላሉዲን፣ አንድም ቃል ያልሰማ መስሎ።

«ድስት ገዝተውላታል» አለች። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ዛሬ አቧራው በዛ አለች።

ቤት ስትገባ ግቢው ጭር ብሏል። ግራ ቀኝ አየችና ገመዱን ፈትታ ቋንጣውን ፀሐዩ ላይ ሰቀለችው። ማንም አላየኝም ብላለች። እትዬ ወለተ ሥላሴ ከመስኮታቸው ጀርባ ምስራቸውን እየለቀሙ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን፣ እሳቸውም ሰው ናቸውና፣ ምንም አልተናገሩም።

እሑድ ማታ ሻንጣው እንደ አዲስ ተፈታ። በሶው ወጣ። ከብርድ ልብሶቹ አንዱ ብቻ ቀረ። በቦታቸው ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከሱቁ የተመረጠ ባለ ጥለት ጋቢ ገባ። ቴምርም ገባ፤ ዘይነት ለሒክማ ማፍጠሪያ ብላ የያዘችውን እጥፍ አደረገችው፣ ለጾመኞቹ ለእነ ቄሱም ይሆናልና፣ ከአንድ ሳህን ያነሣሉ። ቋንጣው በላዩ ተቀመጠ። እንደ እንጨት ነበር የደረቀው።

ሰኞ ጠዋት ሒክማ በመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ስንቁ አለቀ ወይ ብላ እናቷን አሾፈችባት።

«አላለቀም» አለች ዘይነት። «የሹራብሽ አንድ እጅጌ ቀርቷል። ለዒድ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነግሬያቸዋለሁ፤ ድስቱን ላየው እመጣለሁ ብያቸዋለሁ።»

ሒክማ ሳቋን ተወች። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ እጇን ከመስኮቱ አላስገባችም።

በሳምንቱ ኪዳነ ወልድ ያየውን ለመንደሩ ሰው አወራ። ዘይነት ብቻዋን መጣች፤ ማቀዝቀዣውን አስከፈተች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሁለቱንም እጆቿን እስከ ክርኗ ከተተች። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ምን ልመዝንልሽ ቢላት እየተለማመድሁ ነው፣ አታናግረኝ አለችው።