ያዘነበለው ውሃ

ሰው ፊት ቆሜ ካሜራ ማንሣት አልችልም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሰፈራችንን ሰው ፎቶ የማነሣው ሰፈሩን ከሚያቋርጠው ሰፊ ቦይ ድልድይ ላይ ሆኜ ነው። ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ብስክሌት ገልብጦ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ፣ ቦዩ ዳር ቆመው ወሬ የያዙ ሴቶች፣ በየመስኮቱ የተሰጣው ልብስ፣ ሁሉም ከሥሬ ነው። ከሁሉም አብዝቼ የማነሣው የእህቴን ቤት ነው። የጓዳዋ ግድግዳ ከቦዩ ጠርዝ ላይ ስለተሠራ፣ ሕፃኗን አቅፋ በመስኮቱ ውሃውን ስታሳያት አያታለሁ። እሷን ለማንሣት አላፍርም።

ፎቶዎቹን ፎቶ ቤት ወስጄ በባለቤቱ ኮምፒውተር አስተካክላለሁ። ሰውዬው አንገቴን ስለምደፋ፣ ወንዱን ልጅ "ሙሽሪት" ይለኛል። መጀመሪያ ያስተማረኝ ያዘነበለ ፎቶ ማቃናት ነው። "የቤት ማዕዘን ያዝ፤ እሱ ቀጥ ካለ ሁሉም ቀጥ ይላል" አለኝ። እኔም የእህቴን ቤት ማዕዘን እየያዝኩ ፎቶውን ሁሉ አቃናለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማቃናቱ በዝቶብኝ ነበር። እጄ ባሰበት ብዬ አፈርኩ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን አቃንቼ ስጨርስ ባለፎቶ ቤቱ ከኋላዬ መጥቶ ሳቀ።

"አንቺ ሙሽሪት፣ ውሃ አቀበት ይወጣል እንዴ?"

"የቱ ጋ፣ ጋሼ?"

"ይኸው! በዚህ በኩል ዝቅ፣ በዚያ በኩል ከፍ። ጀልባ ብታስቀምጥበት ተንሸራትቶ ሰው ቤት ይገባል።"

"ማዕዘኑን እኮ ነው የያዝኩት።"

"እንግዲያው ውሃው ጠጥቶ መጥቷል" ብሎ ወደ ደንበኛው ሄደ።

አየሁት። ቤቱ ቀጥ ብሏል፣ ውሃው አዘንብሏል። ውሃ ደግሞ አያዘነብልም። ፎቶውን ወደነበረበት መለስኩት። ውሃው ዝርግ ብሎ ተኛ፤ የእህቴ ጓዳ ወደ ቦዩ ተደፋ። የቆዩትን ከፍቼ እንደዚያው መለስኳቸው። ከአንዱ ወደሚቀጥለው ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። እየወደቀ ያለውን ቤት በገዛ እጄ ሳቃናው ነው የከረምኩት። ክው አልኩ። ወንበሩን ገልብጬ ወጣሁ።

እህቴ ጓዳ ውስጥ ልጅቷን በሳፋ እያጠበች ነበር።

"እትዬ፣ ውጪ!"

"ምነው? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ቤቱ ሊወድቅ ነው።"

"ማን ነገረህ?"

"ውሃው።"

ሳቀች። "ለሰው አፍህን አትከፍትም፣ ከውሃ ጋር ነው የምታወራው? በል ፎጣውን አቀብለኝ።"

መስኮቱን በጣቴ አሳየኋት። "መስኮቱ አልዘጋ አለኝ ብለሽ አልነበር?"

"እርጥበት ነው። ባሌ ከሥራ ሲመጣ ይልገዋል። ቁም እንጂ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?"

ማስረዳት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ልጅቷን ከነሳሙናዋ ከሳፋው ውስጥ መንጭቄ ሮጥኩ።

"አንተ እብድ! ልጄን! ብርድ ሊመታት ነው! ያዙልኝ!"

በባዶ እግሯ ተከተለችኝ። ባለብስክሌቱ ጎማውን ጥሎ ተነሣ። እህቴ መንገዱ መሐል ላይ ደረሰችብኝና በጥፊ አለችኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ልጅቷን ግን አለቀቅኋትም። ሁለተኛ ልትደግመኝ እጇን አነሣች።

ከኋላችን የተሰማው ድምፅ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ከዚያ የቦዩ ውሃ በቤቱ ላይ ዘሎ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ዞር ስንል የፊት በሩ እንደተከፈተ ቆሟል፤ በበሩ ውስጥ ግን ጓዳ የለም። ማዶ ያሉት ሰዎች ይታዩናል። እነሱም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እኛን ያያሉ።

"ውስጥ ሰው አለ?" ብሎ ጮኸ ባለብስክሌቱ። "ባልሽስ?"

የእህቴ እጅ አየር ላይ እንደተነሣ ነበር።

"ሥራ ነው! ማንም የለም!" አልኩ። ማዶ ድረስ እስኪሰማ ጮኼ ነው ያልኩት።

እጇን ቀስ ብላ አወረደችው። ልጅቷን ተቀበለችኝ፤ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ትጠርግላት ጀመር።

"ሳሙናው ዓይኗ ገባ መሰለኝ" አለች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እህቴ ግን አሁንም አሁንም ዓይኗን ትጠርግላታለች።