የመስታወቱ አደራ

የወይራምባ ሰው አመሉ ነው፤ ሲጠየቅ «ይመስገን» ይላል። እግሩ ቢሰበር ይመስገን፣ ላሙ ገደል ብትገባ ይመስገን። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ከብቸና ወደ ሞጣ የሚዘረጋው መንገድ እኛ መንደር ደርሶ፣ ከወይራምባ ማርያም ፊት ለፊት ያለውን አለት በድማሚት መናድ ሲጀምሩም አመላችን አልለቀቀንም። ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የመንገድ ሥራው ሣህለ ማርያም የሚባል ወጣት ይልክብን ነበር። የሐረር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ ብቸና ካምፕ ተመድቦ መጣ። ሥራው የድማሚቱ ጩኸትና ንዝረት በአቅራቢያው ያለውን ሰውና ሕንፃ እንዳይጎዳ መከታተል ነው። በላንድሮቨር ይመጣና በቆዳ ሣጥን የያዘውን መሣሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጥግ አስቀምጦ፣ ጡሩንባ ተነፍቶ አለቱ ሲፈነዳ የመሣሪያውን መርፌ ያያል። ከዚያ በየቤቱ እየዞረ «ጩኸቱ ያስቸግራችኋል? አራስ አለች? የታመመ አለ?» ይላል። መልሳችንን ታውቁታላችሁ። የቅኔ መምህሩ የኔታ ባዘዘው እንኳ፣ ተማሪዎቻቸው በየፍንዳታው የጀመሩት ቅኔ እየጠፋባቸው ሲቸገሩ፣ «ለእንግዳ ክፉ ወሬ አይነገርም» ብለው ጠላ አስቀዱለት። እሱም ጠላውን ጠጥቶ፣ ጩኸቱ ያስቸገረው ሰው እንደሌለ አምኖ ሄደ።

እማማ የሺእመቤት ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ተድረው ሄደዋል፤ የማርያምን ደጅ የሚጠርጉት እሳቸው ነበሩ። ሰው ለጽድቅ ነው ይላል። ለጽድቅም ነበር፤ ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው።

በሴቶች በር ሲገባ በስተግራ አንዲት ሥዕለ ማርያም ነበረች። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ሞልቶ ቦታ ስለጠፋ፣ ሠዓሊው ያችን በውጭኛው ግድግዳ የውስጥ ገጽ ላይ ነው የሣላት። ከእመቤታችን እግር ሥር አንዲት ወጣት ሴት ተደፍታ፣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሰው መልሳ ትታያለች። «ተማኅፀነት አመትኪ ወለተ ሐና» ይላል ጽሑፉ፤ ባሪያሽ ወለተ ሐና ተማጸነችሽ ማለት ነው። ወለተ ሐና የእማማ የሺእመቤት እናት ናት። እሳቸውን ስትወልድ ሞተች። ሠዓሊው ወንድሟ ነበርና፣ መልኳ ከዓይኑ ሳይጠፋ ብሎ ከለቅሶው እንደተነሣ ሣላት። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የለም፤ እማማ የሺእመቤት እናታቸውን የሚያውቋት በዚያች ሥዕል ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያቸውን ከበሩ አስደግፈው «እንዴት አደርሽ» ይሏታል። ሸብተው እንኳ «እማዬ» ነበር የሚሏት፤ እሷ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን የምታህል ልጅ እግር ናት።

ድማሚቱ ከተጀመረ ትንሽ እንደቆየ፣ ከዚያው ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ታየ። ሣህለ ማርያም አየውና የአውራ ጣት ስፋት ያላት ቀጭን መስታወት አምጥቶ፣ በስንጥቁ ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱን ጫፍ በጀሶ ለጠፋት። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ግድግዳው ጥቂት እንኳ ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች፤ ከተሰበረች ድማሚቱ መቆም አለበት ማለት ነው። መስታወቷ የተለጠፈችው ልትሰበር ነው። ይህን አሁን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን የነገረን ሰው የለም። ሹፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ያጣድፈው ስለነበር፣ ሣህለ ማርያም ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤልን ጠርቶ፣

«አባ፣ አደራ፤ ይህ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ነው። ማንም እንዳይነካው፣ እንዳይሰበር» ብሎ ሄደ።

ቄሰ ገበዙ ደግሞ እማማ የሺእመቤትን ጠርተው «ዐይንሽ ከዚህ አይነቀል፣ አደራ ነው» አሏቸው። ስለ ስንጥቁ ማንም አልተናገረም።

አደራ የትም አገር አደራ ነው፤ ወይራምባ ላይ ግን ብሶበታል። ጎረቤት አደራ የሰጠንን በግ ቀበሮ ቢበላው፣ ከራሳችን በጎች ተመሳሳዩን መርጠን እንተካለን እንጂ «ቀበሮ በላው» ብለን አንከራከርም። ተክተንም አናወራም። ተክቶ የሚያወራ ሰው አደራ ሰጪውን ያሳፈረ ነው የሚባለው። ልጆች ሆነን የተማርነው ይህንን ነው፤ ክፉ ትምህርት ነው ለማለት ዛሬም አፌ አይደፍርም።

አንድ ቀን ከፍንዳታ በኋላ እማማ የሺእመቤት ሊጠርጉ ቢሄዱ መስታወቷ ከመካከሏ ተሰንጥቃ አገኟት። «አደራ በላሁ» አሉ። ስባሪውን ነቅለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ የሞጣ ገበያ ሲደርስ የቋጠሩትንና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ሄዱ።

ሞጣ ላይ መስታወት ቆርጦ ለሥዕል ክፈፍ የሚያበጅ ሙሐመድጣሂር የሚባል ነጋዴ ነበር፤ በየቤቱ የተሰቀለው የጃንሆይ ሥዕል መስታወት የእሱ እጅ ነው። ስባሪውን ገጣጥሞ አየው።

«ይህቺ ቀጭን ነገር ለምን ትሆንዎታለች?» አላቸው።

«የማርያም ደጅ ላይ የተለጠፈች አደራ ናት። በእኔ ጥበቃ ተሰበረች።»

አደራ ሲሉት ሙሐመድጣሂር ሌላ አልጠየቀም። በልኳ ቆረጠ፤ ሌላም ቢሰበር ብሎ ትርፍ ጨመረላቸው። ቅቤውን ግን አልነካም። «ለማርያም ቤት ከሆነ የእኔም ድርሻ ይሁን» አላቸው።

«የለም፣ አደራ በሰው እጅ አይከፈልም» አሉና ቅሉን ከመደርደሪያው ሥር ትተውለት ወጡ።

ሲመለሱ ሣህለ ማርያም ትቶት የሄደውን ትርፍ ጀሶ ከቄሰ ገበዙ ተቀበሉ። ስንጥቁ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ጥፍር ያስገባል። መስታወቷ ደልደል ብላ እንድትቀመጥ ብለው ስንጥቁን በጭቃ ደፈኑት፣ አለሰለሱት፣ በላዩ አዲሷን መስታወት አጋደሙ። እጃቸው የተባረከ ነበር፤ ሣህለ ማርያም ራሱ ከለጠፋት ይልቅ የእሳቸው አማረች። ቄሰ ገበዙ አይተው «ጎሽ፣ አደራ እንዲህ ነው የሚጠበቅ» አሉ። ስለ ግድግዳው አልሰጉም እንዳይባል፣ እማማ የሺእመቤት ሰግተው ነበር። ግን መሣሪያ ያለው የተማረ ሰው በየጊዜው እየመጣ ያየዋል፤ ግድግዳውን እሱ ያውቃል፣ የኔ መስታወቷ ናት አሉ።

ሣህለ ማርያም መጣ። በሩቁ አየ፤ መስታወቷ ደህና አለች። ቀረብ ቢል፣ በጣቱ ቢነካ፣ ጀሶው አዲስ መሆኑን ባወቀ ነበር። ግን መንገዱ ክረምት ሳይገባ ሞጣ ይድረስ ተብሎ ካምፑ ሁሉ ይሯሯጥ ነበርና እሱም ቸኩሏል።

«እማማ፣ በደንብ ጠብቀዋታል። እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው።

እማማ የሺእመቤት እጅ ነሡ። ያን ዕለት ደስ ብሏቸው እንደዋሉ ጎረቤቶቻቸው አይተዋል። ሣህለ ማርያምም ብቸና ተመልሶ ግድግዳው ጠንካራ ነው አለ፤ ድማሚቱ ተጨመረ።

መስታወቷ ደግማ ተሰበረች። እማማ የሺእመቤት ከትርፉ አውጥተው ተኩ፣ ጭቃውንም ጨመሩ። «የመሰበር አመል ያላት ዕቃ ናት የሰጠኝ» እያሉ ቀለዱ። ሣህለ ማርያምም እንደገና አይቶ፣ እንደገና አመስግኖ ሄደ። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰንፍ ነው እንዲህ የሆነው።

ግድግዳው የወደቀው ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ነው፤ ለዚህስ ይመስገን። ጡሩንባው ተነፋ፣ አለቱ ጮኸ፣ ከዚያ ከወዲያኛው ጩኸት ዝቅ ያለ ሌላ ድምፅ ከማርያም በኩል ሰማን። ብንሮጥ ከሴቶች በር በስተግራ ያለው ግድግዳ ከነሥዕሉ ተንዷል። አቧራው እስኪወርድ ማንም ወደ ውስጥ አልገባም።

ሣህለ ማርያም ከአለቱ በኩል እየሮጠ ደረሰ። «መስታወቷ ደህና ነበረች» አለ፤ «በቀደም አይቻታለሁ፣ ደህና ነበረች» እያለ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ይናገራል።

እማማ የሺእመቤት ይህን ሲሰሙ የተጠረጠሩ መሰላቸው። ወደ ቤታቸው ገቡና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ተመለሱ።

«ልጄ፣ አደራህን አልበላሁም» አሉት። «ይኸው፣ የተሰበረውን ሁሉ አስቀምጬልሃለሁ። በቦታው ሌላ እየተካሁ ነው የጠበቅሁልህ። ዛሬ የወደቀችውንም እተካለሁ።»

ሣህለ ማርያም ጨርቁን ፈታው። ስባሪዎቹ ታጥበው፣ እንደ ንዋየ ቅድሳት ተጠቅልለው ነበር። አንዱን አነሣ፣ ሌላውን አነሣ።

«መቼ ነው የተሰበሩት?»

«የመጀመሪያዋ ጾም ሳይገባ። ሁለተኛዋ አሁን በቅርቡ።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?»

«ሳልተካ ብቀር እነግርህ ነበር። ተካሁት እኮ።»

ሣህለ ማርያም ከወደቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መስታወቷ ለምን እንደተለጠፈች ነገራቸው። በመጀመሪያው ቀን መናገር የነበረበትን ነው የተናገረው፤ ረጅም ነገር አይደለም፣ የሹፌሩ ጡሩንባ ባይኖር ያኔ ተናግሮ ይጨርሰው ነበር። ቄሰ ገበዙ ሲሰሙ መስቀላቸውን በደረታቸው ላይ ይዘው ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ።

እማማ የሺእመቤት አላለቀሱም። እስከ መጨረሻው አዳመጡና «እንግዲያስ ስትሰበር ትጣራ ነበር» አሉ። ከዚያ ፍርስራሹ ውስጥ ገብተው ተንበረከኩ። ቀለም ያለበትን ጭቃ እያነሡ ያያሉ፤ ሲያነሡት በእጃቸው ይፈረፈራል። የእመቤታችን ቀሚስ ጫፍ ተገኘ፣ ከጽሑፉም ጥቂት ፊደል ተገኘ። የወለተ ሐና ፊት አልተገኘም። እስከ ማታ ፈለጉ፤ እኛም ከእሳቸው ጋር ፈለግን።

ሣህለ ማርያም ሊሄድ ሲል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ቢል በትከሻው ይዘው አነሡት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ» አላቸው።

«አንተ አደራ አልህ፣ እኔ ጠበቅሁ። ምን ጥፋት አለህ?» አሉት። «የደፈንኩትስ በገዛ እጄ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሣህለ ማርያምን አላየነውም፤ ከብቸና ካምፕ ተዛውሮ ሄደ አሉ። ሙሐመድጣሂር ግን ከሞጣ ድረስ በበቅሎ መጣ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። «አደራ ሲሉኝ አፌን ያዝሁ፤ ይዤ ባልቀር ይሻለኝ ነበር» አላቸው። ያችን የቅቤ ቅል መልሶላቸው ሄደ፤ ማር ሞልቶባት ነበር።

ግድግዳውን የመንገድ ሥራው በድንጋይና በሲሚንቶ መልሶ ሠራው፤ ከቀድሞው ይጠነክራል። መንገዱም ሞጣ ገባ። ሥዕሉን ለመመለስ ከደብረ ወርቅ ይግዛው የሚባል ሠዓሊ አስመጣን። እመቤታችንን ለመሣል አልተቸገረም፤ ወለተ ሐና ጋ ሲደርስ ግን ቀለሙን አስቀምጦ «መልኳን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። በሕይወቷ ያያት ሰው ከመካከላችን አልነበረም። በሥዕል ያየናት ሁላችን ደግሞ አንዱ ፊቷ ክብ ነው አለ፣ አንዱ ሞላላ ነው አለ፤ ስንከራከር ዋልን። ዕድሜያችንን ሙሉ በፊቷ አልፈን ገብተን፣ ልብ ብለን ሳናያት ኖረናል።

«እርስዎስ፣ እማማ?» አላቸው ይግዛው።

እማማ የሺእመቤት ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እጠራታለሁ፣ እምቢ ትለኛለች» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ይህኔ «ሠዓሊው አጎቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሺእመቤት ቁርጥ እናቷን ናት ይል ነበር። እሷን እያየህ ሣል» አሉት። ይግዛውም «እኔ ሽበቱንና ሽብሽባቱን አስቀርቼ ልጅ እግር አደርጋታለሁ» አለ። እሳቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ያለ ፊት የቀረችውን ሴት ሲያዩ ግን እሺ ብለው ከፊቱ ተቀመጡ።

ብሩሹን ነክሮ ሲያበቃ «በቀድሞው ላይ እንደነበረው እጆችዎን ይዘርጉልኝ» አላቸው።

እማማ የሺእመቤት እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ፊቱን ከእኔ ውሰድ» አሉት። «እጆቹን ከሌላ ሴት ሣል፤ የእናቴ እጅ ጭቃ አልነካም።»