የሰባተኛው ሳጥን ሴቶች

«የአይጦች እናት» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምርምር ቤቱን አይጦች ስታበላ፣ ስታጋባ፣ ሲያስፈልግም ስትገድል ኖራለች። የቤቱ ደንብ አጭር ነው፤ ጥንዶቹ በሁለት ወር ካልወለዱ ሴቷ ትወገድና ሌላ ትገባለች። ወንዱንማ ማን ይጠረጥረዋል! ከሰባተኛው ሳጥን ብቻ በገዛ እጇ አራት ሴቶች አውጥታ ገድላለች።

ዛሬ ወጣቷ ተመራማሪ ጠራቻትና ማይክሮስኮፑን አሳየቻት።

«የሰባተኛው ሳጥን ወንድ የዘር ሕዋስ ነው፣ እትዬ፤ ገና በማደግ ላይ ያለ። ይቺ ጠቆር ያለችው የአር ኤን ኤና የፕሮቲን ቋጠሮ ናት፤ ያለሷ ዘሩ አይበስልም። ጤነኛ ሕዋስ የራሱን ጥራጊ ራሱ እየበላ በልኳ ይይዛታል። ይሄኛው መብላት አቅቶታል። ቋጠሮዋ ተበላሽታ ዘሩ በእንጭጩ ቀረ።»

«ሴቶቹስ?»

«ምንም አልነበረባቸውም።»

ክው አለች። የታወሷት አይጦቹ አይደሉም፣ ምራቷ ናት። አምስት ዓመት «መካን» እያለች ፊት ነሳቻት፤ በመጨረሻም ልብሷን በሻንጣ ጠቅጥቃ ከበር አስወጣቻት። ለልጇም ሌላ አገኘችለት። ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው።

ቤት ስትደርስ ልጇ መስታወት ፊት የሰርጉን ኮት ይለካል።

«በሞቴ ልጄ፣ ከሰርጉ በፊት ተመርመርልኝ።»

እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ተመርምሬያለሁ፣ እማዬ። የዛሬ አራት ዓመት። ዘር የለህም አሉኝ።»

«እሷስ ታውቅ ነበር?»

«አብራኝ ነበረች። ለእናትህ እንዳትነግራት፣ ትሰበራለች፤ እኔን ትስደበኝ አለችኝ።»

«አንተስ? እኔ ስሰድባት ቁጭ ብለህ ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር» አለ። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ወይ ጉዷ! ያቺን ልጅ በምን አፏ ይቅርታ ትጠይቃታለች? ያልመሸበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልኳን አነሳችና ለአዲሷ ሙሽራ ደወለች። ልጇ «ተይ፣ እማዬ! አታዋርጂኝ!» እያለ ክንዷን ያዘ። መንጭቃ አስለቀቀችው።

«አቤት እማዬ!» አለች ልጅቷ፣ በሣቅ። ገና ሳትገባ እማዬ ብላታለች።

«ልጄ፣ ሰርጉ ይቅር።»

ሣቁ ቆመ። «ምን አጠፋሁ?» አለች ልጅቷ።